ጋቢ የለበሰችው ሣጥን

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ፊደል በመሠረተ ትምህርት ቆጥሬያለሁ፣ ከላሊበላ ወጥቼ ያየሁት አገር ቢኖር የብልባላ ገበያ ነው። እጄ ላይ ሙያ የሚባል ነገር አልነበረም። አፍንጫ ግን ነበረኝ፤ ሥራም ያስገኘልኝ እሱ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የጡረታ መሸኛዬ ነው። የመሥሪያ ቤቴ ልጆች ዳቦ ቆርሰው፣ ለስላሳ ከፍተው ሲያሰናብቱኝ አንዷ ወጣት ቴክኒሻን፣ «እትዬ አስካለ፣ በደርግ ጊዜ ክሎሪኑ ሲጠፋ ውሃውን በምን ነበር የምታክሙት?» አለችኝ።

«በመብረቅ ሽታ» አልኳት።

ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ያን ነገር የሚያውቅ ሰው ከእኔና ከእኅቴ በቀር እዚህ አገር የቀረ አልመሰለኝም። እንግዲህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

መብረቅ የምትሸተው ማሽናችን በእርዳታ የመጣች ነበረች። በድርቁ ጊዜ መጠለያ ለገባው ረሃብተኛ ውሃ እንድታጣራ ብለው አመጧት፤ ያመጧት ፈረንጆች ሲሄዱ እሷ ቀረች። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች። ከክሊኒኳ በላይ፣ ግማሽ ጎኑ ከቋጥኙ የተፈለፈለ፣ ግማሹ በድንጋይ የተገነባ አንድ ክፍል አለ። የውሃ ቤት እንለዋለን። ማሽኗ እዚያ ቆማ፣ ጄኔሬተሩ ከጀርባዋ እያጓራ፣ ከምንጭ የመጣውን ውሃ ታክማለች።

ሥራዋ እንዲህ ነው። አየር ትስባለች። ያን አየር በመስታወት ቱቦዎች መሐል፣ ብርቱ ኤሌክትሪክ በሚንጣጣበት ታሳልፈዋለች። አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከፊሉ ኦዞን ይሆናል። ኦዞኑ በቱቦ ሄዶ ከታንከሩ ሥር ይገባና በውሃው ውስጥ እየተንቦጨቦጨ ሲወጣ ተውሳኩን ይፈጃል። ሽታው፣ በሰኔ መብረቅ ወርዶ ካለፈ በኋላ ከአሸተን ተራራ የሚመጣው ሽታ ነው። የደጋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስም ግን አላወጣንለትም።

የማሽኗ ባለሙያ ጋሽ ሰዒድ ነበሩ። ከመርሳ የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ረጋ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው። ረጋ የሚሉት ወደው አልነበረም። አስም ነበረባቸው፤ ዳገት ሲወጡ ደረታቸው እንደ ወናፍ ያፏጫል። አንድ መነኩሴ ውሃ ሊቀዱ በመጡ ቁጥር ይተናኮሏቸው ነበር። «ሰዒድ፣ ከጸበላችን ጋር ልትፎካከር ነው እዚህ ላይ የወጣኸው?» ይሏቸዋል። ጋሽ ሰዒድም፣ «ኧረ አባ፣ የእርስዎ ነፍስ ይፈውስ፣ የኔ ለሆድ ቁርጠት ይሁን፤ ገበያችን ለየብቻ ነው» ይሏቸዋል። ሁለቱም ይስቃሉ፤ ጋሽ ሰዒድ ሳቁን በሳል ይጨርሱታል።

ረዳት ሲፈልጉ ብዙ ሰው ሄዶ ነበር። እኔ ስገባ ስለ ትምህርቴ አልጠየቁኝም። «ምን ይሸትሻል?» አሉኝ። ከእኔ በፊት የገቡት ናፍጣ ያለ፣ ሳሙና ያለ ነበር። እኔ ግን አየሩን ሳብ አድርጌ፣ «መብረቅ ወርዶ ያለፈበት መስክ» አልኩ።

«ነገ ማለዳ ነይ» አሉኝ።

ደመወዙ ለጫማና ለጨው ይበቃል፤ ስለሱ ይህን ካልኩ ይበቃኛል።

የመጀመሪያው ትምህርቴ በተቀጠርኩበት አፍንጫ አለመመካት ሆነ። «አስካለ፣ አፍንጫሽ ቶሎ ይለምዳል፤ ለምዶ ጠፋ ይልሻል፣ ደረትሽ ግን እየተላጠ ነው። ወረቀቱን እዪ» ይሉኛል። ወረቀቱን የምንሠራው ራሳችን ነን። የድንች ውሃ አጥልለን ነጩን ስታርች እናወጣለን፣ ከክሊኒኳ ያገኘናትን የፖታሲየም አዮዳይድ ጨው እንጨምርበታለን፣ ወረቀት ነክረን በጨለማ እናደርቃለን። ኦዞን ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል። ብዙ ከሆነ ይጠቁራል። ጋሽ ሰዒድ ያን ወረቀት ሁልጊዜ በደረት ኪሳቸው ይይዙ ነበር፤ ሲጋራ አጫሽ ሲጋራውን እንደሚዳስሰው ይዳስሱታል።

አንድ ክረምት ኦዞኑን ወደ ታንከሩ የሚወስደው የመስታወት ቱቦ ተሰበረ። የዚያን ጊዜው አለቃችን ቸኩሎ የሚወስን ሰው ነበር፤ «ቱቦ ቱቦ ነው» ብሎ ከእህል መጋዘን አሮጌ የብረት ቧንቧ አስመጥቶ አስገጠመ። ማሽኗ ትንጣጣለች፣ አየሩ ታንከሩ ውስጥ ይንቦጨቦጫል፣ ሁሉ ደህና ይመስላል። ወረቀቱን ከታንከሩ አፍ ስንይዘው ግን ነጭ። ከማሽኗ አፍ ስንይዘው ሰማያዊ። መንገድ ላይ ኦዞኑ የት ገባ?

ጋሽ ሰዒድ ቧንቧውን ፈትተው ጉልበታቸው ላይ መታ መታ አደረጉት። መዳፋቸው ላይ በርበሬ የመሰለ ዝገት ፈሰሰ። «ሌባውን ያዝነው» አሉና ሳቁ። ከዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያስረዱኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ኦዞን ማለት ሦስት ኦክስጅኖች ተያይዘው ሲሄዱ ነው። ሁለት ሁለት ቢሆኑ ይስማማቸው ነበር። ሦስተኛዋ ናት መሐል ገብታ የምታበጣብጣቸው።»

«አማቴን ያውቋታል እንዴ?» አልኳቸው።

ሳቅ ሳል ሆኖባቸው፣ እስኪያልፍላቸው ጠበቅኋቸው። «እንግዲያው በአማትሽ እናስረዳ። ሦስቱ ሲሄዱ ዝገት ያገኛሉ፤ ዝገቱ ላይ ያርፋሉ። አማትየው እዚያው ተጣብቃ ትቀራለች። ሁለቱ እፎይ ብለው ሄዱ፤ እሱ የምንተነፍሰው ተራ ኦክስጅን ነው። ቀጥሎ ሌላ ኦዞን ይመጣል፤ የሱም ባልና ሚስት አማታቸውን ከተቀመጠችዋ ጋር ትተው ይሄዳሉ።»

«ሁለት አማቶች ብቻቸውን ቀሩ?»

«ቀሩ፣ ተያያዙ፣ ትንሽ ቆይተው እነሱም ተነሥተው ሄዱ። ሦስት ሦስት ሆነው የገቡ ሁለት ሁለት ሆነው ወጡ።»

«ዝገቱስ?»

«ዝገቱማ እዚያው ነው። ምንም አልጎደለበትም። እዚህ የተቀመጥንበትን ድንጋይ አታዪውም? ስንቱ አርፎበት ሄደ።»

የዚያን ዕለት አንድ ነገር ገባኝ። ነገሩ ሁሉ የሚሆነው ላይ ላዩን ነው፤ በድንጋዩ ቆዳ ላይ። ኦዞኑ ውስጥ አይሰርግም፣ አይቀልጥም፤ ያርፋል፣ ይፈርሳል፣ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሁሉ፣ ጀርባው የተገነጠለውንም ሳይቀር፣ ያነበብኩት ያቺን የደጃፍ ጨዋታ ይዤ ነው።

ታዲያ ከታንከሩ በፊት ሌባ የሆነው ነገር ከታንከሩ በኋላ ወዳጅ ነበር። ውሃው ውስጥ ያላለቀ ኦዞን ከአየሩ ጋር ተመልሶ ይወጣል። ወደ ውጭ እንዳንለቀው ኦዞን ከአየር ይከብዳል፣ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከመስኮታችን ሥር ደግሞ የክሊኒኳ ሕሙማን ፀሐይ የሚሞቁበት ግቢ ነው። ስለዚህ የሚወጣው አየር መጀመሪያ በአንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያልፋል። ሣጥኗ ሽምብራ በሚያህል ጥቁር ጠጠር የተሞላች ናት። ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ይባላል፤ እሱም እንደ ዝገት ነው፣ ግን ጉልበቱ ከዝገት እጅግ ይበልጣል። መብረቅ የሚሸት አየር በአንድ በኩል ይገባል፣ የጠዋት አየር ሆኖ በሌላው ይወጣል።

ያቺ ሣጥን ለእኔ ሥራ ነበረች፤ ለጋሽ ሰዒድ ትንፋሻቸው ነበረች። እሷ ባትኖር በዚያ ደረት እዚያ ክፍል ውስጥ ጥቂት መቆየት አይችሉም ነበር።

አንድ ጠላት አላት፤ እርጥበት። ከውሃ የሚወጣ አየር እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ ጠጠሩ ላይ ኦዞን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ከያዘ ደግሞ ካልሞቀው አይነሣም። ስለዚህ ጋሽ ሰዒድ ሣጥኗን ከጄኔሬተሩ የጢስ ማውጫ ጎን አስጠግተው አቆሟት፤ ሙቀቱ እንዳያመልጣት የራሳቸውን ጋቢ አለበሷት። እሳቸው ብርድ በብርድ ሆነው ሣጥኗ ጋቢ ለብሳ ተቀምጣለች። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ አንድ ቀን መጥቶ አፍጥጦ ቆየና፣ «ጓድ ሰዒድ፣ ይህች ቆርቆሮ ምን ሆና ነው ጋቢ የለበሰችው?» አላቸው።

«ቆላ ተወልዳ ነው ጓድ፤ የላስታ ብርድ አልተስማማትም።»

እርጥበቱ ሲጠናባት ጠጠሩን አውጥተን በላሜራ ላይ፣ ለዘብ ባለ እሳት እናምሰዋለን። ሲደርቅ የምናውቀው በክዳን ነው። ቀዝቃዛ የድስት ክዳን ጠጠሩ ላይ ደፋ አድርገን ገልበጥ ስናደርገው፣ ሆዱን ካላበው ገና ነው። እሳቱ ከበዛ ጠጠሩ ይፈርሳል፤ ዱቄት ከሆነ ደግሞ አየር አያሳልፍም። ይህን ሁሉ እኛ ሁለታችን እናውቃለን። ለሌላ ሰው አልነገርንም። የሚነገር ነገር አልመሰለንም ነበር።

ገና ደረሰ። ተሳላሚው ከየአገሩ፣ ከዋግም ከደላንታም፣ በእግሩ እየተመመ ይገባል። በጦርነቱ ምክንያት መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ክሎሪን ካየን ቆይተናል። በዚያ ላይ ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል ተባለና ጓድ ታደሰ የጽዳት ዘመቻ አወጀ። እኔና ጋሽ ሰዒድ ከምንጩ ጋ የተደፈነውን ቧንቧ ስንጠርግ ዋልን፤ የውሃ ቤቱን እንዲያጸዱ የሴቶች ማኅበር አባላት ተመደቡ። ከነሱ መሐል ታናሽ እኅቴ ትርንጎ ነበረች።

ትርንጎን ማወቅ አለባችሁ። ቆሻሻ ካየች ምግብ አይበላላትም። የጎረቤት ጀበና ጥላሸት ይዞ ካየች ነጥቃ የምትፍቅ ልጅ ናት። እሷ ናት እንግዲህ ውሃ ቤት የገባችው።

በማግስቱ ማለዳ ከጋሽ ሰዒድ ጋር ዳገቱን ስንወጣ ሰልፉ ከበሩ ጀምሮ እስከ መንገዱ ወርዷል። ጋሽ ሰዒድ ድንገት ቆሙ። ያፈናቸው መስሎኝ ነበር፤ ዓይናቸውን ተከትዬ ሳይ አጥሩ ላይ ጋቢያቸው ተሰጥቷል። በእንዶድ ታጥቦ ነጭ ሆኗል፤ ውሃው ገና ይንጠባጠባል።

ትርንጎ ሮጣ መጣች፤ ፊቷ በርቷል። «ጋሼ፣ አዩልኝ? ታንከሩን ደፍተን ፈተግነው። ያቺ ሣጥንዎማ! ያ ሁሉ ጥላሸት! እጄን አጠቆረችኝ። ውሃው እስኪጠራ እንደ ምስር አጠብኩት፣ ሰሌን ላይ አሰጣሁት፣ ደርቆልኝ መልሼ ሞላሁት።»

ሣጥኗ ከጄኔሬተሩ ጎን ተነሥታ፣ ተወልውላ፣ እንግዳው እንዲያያት በሩ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ሰዒድ ከፈቷት። አንዲት ጠጠር አንሥተው ጉንጫቸው ላይ አደረጓት፤ የምንጭ ድንጋይ ያህል ትቀዘቅዛለች። ላይዋ ደርቋል፣ ውስጧ ግን ውሃ ጠጥቷል።

«እጅሽ ይባረክ» አሏት።

ታንከሩ ባዶ ነው። ጠጠሩን አምሶ ለማድረቅ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ከሰልፉ ራስ ሆነው፣ «ልጄ፣ ውሃው መቼ ነው የሚወርድልን? ሌሊቱን ሁሉ ስንጓዝ ነው ያደርነው» አሉኝ። ከኋላ ያሉት ቅላቸውን እየያዙ ወደ ታችኛው ኩሬ መውረድ ጀመሩ። ያ ኩሬ ከብት የሚጠጣበት ነው፤ በዚያ ሳምንት ክሊኒኳ ግቢ ውስጥ ተቅማጥ የጣላቸው ሰዎች ሁሉ ከዚያ የጠጡ ናቸው።

ጋሽ ሰዒድ አዩዋቸው። «አስካለ፣ ጠጠሩን አውጪና ማመስ ጀምሪ። እኔ ማሽኗን አስነሣለሁ።»

«ያለ ሣጥኗ? ጋሼ፣ ደረትዎስ?»

«እነዚያን ከኩሬው ማን ይመልሳቸዋል? አንቺ ነሽ?»

«መስኮቱን እንክፈተው እንግዲያ!»

«ከመስኮቱ ሥር ማን አለ?»

ቁልቁል አየሁ። ሕፃን ያቀፉ እናቶች ፀሐይ እየሞቁ ነው። በሩንም እንዳንከፍት ሰልፉ እዚያ ነው።

«እኔ ልግባ፤ ማሽኗን አውቃታለሁ።»

«አብሽሪ፣ አንቺ ብዙ ዘመን ትሠሪባታለሽ» አሉና ሻሻቸውን ውሃ ነክረው አፍና አፍንጫቸው ላይ አሠሩ። ኤሌክትሪኩ ስለሚዋዥቅ ማሽኗ ያለ ሰው አትተውም፤ እጅ ካልያዛት መስታወቷ ይሰነጠቃል። ገቡና በሩን ዘጉ።

እኔና ትርንጎ ከአጥሩ ጥግ እሳት አነደድን። ምን እንዳደረገች ጠጠሩን ላሜራው ላይ ስገለብጥ ነገርኳት። ፊቷ አመድ ሆነ። ከላሜራው እንፋሎት ሲወጣ ስታይ እንጨት እየወረወረች፣ «ይንደድ! ቶሎ ይድረቅ!» ትላለች።

«ተይ! ከበዛበት ይፈርሳል።»

«እየሳሉ እኮ ነው! አይሰማሽም?»

ይሰማኛል። በዚያ ወፍራም የእንጨት በር በኩል የጋሽ ሰዒድ ሳል ይሰማኛል። ሳሉ ሲቆም ደግሞ ይብስብኛል። እሳቱን ግን ቀነስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የከበደኝ ሥራ የለም፤ ሰው እየታፈነ ቀስ ብሎ ማማሰል። ክዳኑን ደፋሁ፣ ገለበጥኩ፤ ላብ። አማሰልኩ። ደፋሁ፤ ላብ። ጋሽ ሰዒድ አንዳንዴ ወጥተው ግድግዳውን ይደገፋሉ፣ አየር ይስባሉ፣ ወደ ላሜራው አይተው «አትቸኩዪ» ይሉኛል፣ ተመልሰው ይገባሉ። ውሃው ወርዶ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ትርንጎ ሮጣ ወደ ኩሬው የወረዱትን እየጮኸች መለሰቻቸው።

በመጨረሻ ክዳኑ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ጠጠሩን ከነትኩሳቱ ሣጥኗ ውስጥ ገለበጥን፣ ከጄኔሬተሩ ጎን አስጠግተን ገጠምናት፣ በጆንያ ጠቀለልኳት። ወረቀቱን ከመውጫዋ ያዝኩ። ነጭ። ቆየሁ፤ አሁንም ነጭ።

ጋሽ ሰዒድን ደግፌ አወጣኋቸውና ድንጋያቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። ከንፈራቸው ኦዞን የነካው ወረቀት መስሎ ነበር። ትርንጎ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ተነሺ፣ ተነሺ» አሏት፤ ቃሉ በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚወጣላቸው። «ጥፋቱ... የማን መሰለሽ?»

«የኔ ነው ጋሼ።»

«የለም። የገና ነው። ገና ባይመጣ... ማን ያጸዳ ነበር?»

እያለቀሰች ሳቀች። እሳቸው ሊስቁ ሞከሩ፣ አልቻሉም።

በነጋታው በእህል መኪና ላይ ወደ ወልዲያ ላክናቸው። ጋቢያቸው ደርቆ ነበር፤ በሱ ጠቅልለን ጫንናቸው። ነፍሳቸው ተረፈች። ሐኪሙ ግን ወደ ደጋም፣ ወደዚያ ማሽንም እንዳይመለሱ ከለከላቸው፣ ቤታቸው መርሳ ገቡ። ያኔ ውሃ የጠጡት ተሳላሚዎች በር ተዘግቶ ውስጥ ማን እንደነበረ አላወቁም።

ማሽኗን እኔ ተረከብኳት። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ቢኖር፣ ያ ቤት ውስጥ እግሩን ላስገባ ሰው ሁሉ፣ ለጠራጊም ለዘበኛም ለጓድ ታደሰም፣ የሣጥኗን ነገር ከነአማቴ ማስረዳት ነው። ጓድ ታደሰ አማቴን በስም ያውቃት ስለነበር በደንብ ገባው። ከዓመታት በኋላ መስታወቶቿ ተሰነጠቁ፣ መለዋወጫ ታጣ፣ ክሎሪኑም ተመለሰ። እኔም ወደ ወገል ጤና ከተማ ተዛውሬ ፓምፕ ሳንቀሳቅስ ኖርኩ፤ ደግ አለቃም ክፉ አለቃም አይቻለሁ፣ በስተርጅና ወደ ላሊበላ ተመለስኩ። ዛሬ ውሃው ንጹሕ ነው፣ ሽታው የክሎሪን ነው፤ አልከፋም። ብቻ ሰኔ ላይ መብረቅ ወርዶ ሲያልፍ ደጅ ወጥቼ እቆማለሁ፣ እጄም ሳላውቀው ደረት ኪሴን ይዳስሳል።

ትርንጎ ጋሽ ሰዒድ በሄዱበት ዓመት ክረምት ጥጥ ገዝታ ስትፈትል ከረመች። ድሩንም ማጉንም ለሸማኔ ሰጥታ ሁለት ጋቢ አሠራች። መስከረም ላይ መንገዱ ሲከፈት በጭነት መኪና መርሳ ወረደች። ጋሽ ሰዒድን ደጃፋቸው ተቀምጠው አገኘቻቸው፣ አንዱን ጋቢ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው፣ ከባለቤታቸው ጋር ሰንብታ ተመለሰች። በገባች ማግስት ማለዳ ወደ ውሃ ቤት ወጣች፤ ጆንያውን ገፈፈችና ሣጥኗን ሁለተኛውን ጋቢ አለበሰቻት።